ባለ አክሲዮን መሆን የውልን መብት አያስቀርም

አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይቻለውን ሥራ ብዙዎች ገንዘባቸውን አስተባብረው ሊሠሩት እንዲችሉ የንግድ ማኅበር ለአገር ልማት ጠቃሚ መሆኑን የሚክድ የለም። ይህም ልማድ በአገራችን እየሰፋ መሄዱ የታወቀ ነው። በ2014 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር አማራ ባንክ ሥራውን ሲጀምር የባለ አክሲዮኖቹ ቍጥር ከ140 ሺህ በላይ ነበረ። እንግዲህ አክሲዮን መግዛት የትልልቅ ከተማ ነጋዴዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቶ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ሰውም እህሉን ሸጦ ካጠራቀመው፣ ወይም ልጁ ከባሕር ማዶ ከላከለት ገንዘብ ከፍሎ ሊገባበት የሚችል ነገር ሆኗል።

ነገር ግን ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚቀበለው ወረቀት ምን እንደሚል ካልተረዳ፣ ችግር በመጣ ጊዜ መብቱን ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል። ለምሳሌ አንድ የእስቴ ሰው ከአንድ ኩባንያ አክሲዮን ገዛ እንበል። ደግሞ በሌላ ውል ለቤቱ ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ ከዚያው ኩባንያ ሊረከብ ዋጋውን አስቀድሞ ከፈለ። ቀኑ አልፎ ቆርቆሮው ባልመጣ ጊዜ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «አንተ የኩባንያው ባለቤት አይደለህምን፤ ባለቤት ራሱን አይከስም፤ ጉዳቱም የጋራ ነውና ታገሥ» ብለው ይመልሱታል። ይህ መልስ ለሰሚው እውነት ይመስላል፤ በሕግ ፊት ግን የሚጸና አይደለም።

የማይጸናበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የንግድ ማኅበር በሕግ ከባለ አክሲዮኖቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ በስሙ ይዋዋላል፤ በስሙ ይከሳል፤ በስሙም ይከሰሳል። ይህንንም በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ሕግ ደንግጎት ነበር፤ በ2013 የተተካው አዲሱ ሕግም አጽንቶታል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳል ይላል። ስለዚህ ያ የእስቴ ሰው ሁለት ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ነው። በአክሲዮኑ ባለ ድርሻ ነው፤ በቆርቆሮው ግን ገዢና ባለ ገንዘብ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

የዚህ ልዩነት ጥቅም ኩባንያው በከሰረ ጊዜ ይበልጥ ይታያል። በሕጉ ሥርዐት ባለ ገንዘቦች አስቀድመው ይከፈላሉ፤ ባለ አክሲዮኖች የሚካፈሉት ከዕዳ የተረፈውን ነው። ውሉን የተወ ሰው እንግዲህ ከፊተኛው ተራ ወጥቶ በፈቃዱ ከኋለኛው ይሰለፋል ማለት ነው።

ነገሩም በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። አክሰስ ሪል ስቴት ከተባለው አክሲዮን ማኅበር ቤት ሊረከቡ ተዋውለው አስቀድመው የከፈሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን በጊዜው ባለመረከባቸው፣ በ2005 ዓመተ ምሕረት አቤቱታቸው ለመንግሥት ደርሶ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። በዚያ ጊዜ በአንድ ወገን ገንዘባቸውን ለትርፍ ያዋሉ ባለ አክሲዮኖች፣ በሌላ ወገን ቤት ገዢዎች ነበሩ። የሁለቱም ጉዳት ጉዳት ነው፤ የሚጠይቁት መብት ግን አንድ አይደለም።

ለኩባንያውም ቢሆን ፍርድ እንዳይጐድልበት ያስፈልጋል። በ2006 ዓመተ ምሕረት የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተ ሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛውን ሰው ነው። አክሲዮን የሚበላና የሚለበስ ነገር አይደለምና፣ የትርፍ ድርሻ አነሰብኝ የሚል ሰው ሸማች ነኝ ብሎ ሊከስ አይገባውም። ትርፍን የፈለገ ኪሣራንም አስቦ መግባት አለበት።

ውል የፈረሰበት ሰው ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጥ። ከዚያም ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ በዚህም ላይ የጉዳቱን ካሣ መጠየቅ ይችላል። የውል ክስ በጠቅላላው በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች ግን እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የሚጠይቀው በ15 ቀን ውስጥ ስለ ሆነ አይዘግይ። ለክሱም ሁልጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መድከም አያስፈልገውም፤ በ1958 የወጣው የሥነ ሥርዐት ሕግ ውሉ በተደረገበት ወይም ሊፈጸም በታሰበበት ስፍራ መክሰስን ይፈቅዳልና። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ሕጉ ያዛል።

ስለዚህ በደብረ ታቦርና በየወረዳው የተቀመጣችሁ ዳኞችና ሹማምንት፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ በቀረበላችሁ ጊዜ የአክሲዮኑን ወረቀት ከሽያጩ ውል ለይታችሁ መርምሩ። በየደብሩ ያላችሁ ካህናትም የመሸጥንና የመግዛትን፣ የአደራንና የማኅበርን ነገር ከፍትሐ ነገሥት የተማራችሁ ስለ ሆናችሁ፣ ሕዝቡም ወረቀቱን ይዞ ምክር ለመጠየቅ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንብባችሁ አስረዱት። ለአክሲዮኑ አንድ ደረሰኝ፣ ለሚገዛው ዕቃ ሌላ ውል፣ የመረከቢያውም ቀን በግልጽ ተጽፎ እንዲቀበል ምከሩት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ተብሏልና። ቃሉን የሚጠብቅ ኩባንያ ከዚህ ምክር ጥቅም እንጂ ጉዳት የሚያገኘው የለም፤ ሕዝቡ ገንዘቡን ያለ ፍርሃት ለሥራ ሊያወጣ የሚችለው ውል ሲከበር ብቻ ነው።