«ከደረጃ ወድቃ ነው» የሚለው ካርድ

ባለፈው ዓመት አክስቴን ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አደርኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ገባች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ክንዷ ላይ ደግሞ ወደ ቢጫነት የተለወጠ፣ የሰነበተ ሰንበር ይታያል። ባሏ ከአጠገቧ አልተለየም።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ እህት?» አለቻት ተረኛዋ ሲስተር።

የመለሰው እሱ ነው። «ከደረጃ ወድቃ ነው።»

ሲስተሯ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። ከዚያ አቀርቅራ የተባለችውን ጻፈች።

ሊነጋ ሲል ሻይ ስትጠጣ ጠጋ ብዬ «አመንሽው?» አልኳት። «ሞኝ መሰልኩህ? ዛሬ የወደቀ ሰው የሳምንት ሰንበር ከየት ያመጣል? ግን ብጽፈውስ ለማን ነው የምሰጠው? ነገ በር ላይ ጠብቆ ሲይዘኝ ማን ይደርስልኛል?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በእሷ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ጥያቄዋን መልስ አሳጥቶ የተወውን አሠራር ለመክሰስ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። እ.አ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው። አፍ ሳይናገር ሲቀር የሚናገረው ገላ ነው። ያንን ገላ ቁስል እያጠበ፣ ልብስ እያስወለቀ የሚያየው ደግሞ ነርስ ነው። ፖሊስ አያየውም፣ ሽማግሌም አያየውም።

ምልክቱ ረቂቅ አይደለም። የተነገረው ታሪክና ጉዳቱ አይገጥሙም። አዲስና አሮጌ ቁስል በአንድ ገላ ላይ ይገኛል። አብሮ የመጣው ሰው ለታካሚዋ ይመልስላታል፣ ብቻዋን ሊተዋት አይፈልግም። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን አጥንቱ ተሰብሮ ይመጣል። ይህን ለማየት የሚያንሰው ነርስ የለም። የሚያንሰው ካየ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ነው።

መንገድ ሲጠፋ ሰበብ ይበዛል። «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ይባላል። አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን ተናግሯል። «የታካሚ ምስጢር ነው» ይባላል። ምስጢር የተደነገገው ታካሚን ለመጠበቅ ነው፤ ደብዳቢን ለመከለል ከዋለ ትርጉሙ ተገልብጧል። «ማስረጃ የለንም» ይባላል። ማስረጃ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው፤ የነርስ ሥራ ያየችውን ሳታጎድል መጻፍ ነው።

ሕጉም ቢሆን ክፍተት አለው። ወንጀልን አለማሳወቅ የሚያስቀጣው አንቀጽ 443 የሚያተኩረው የሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስከትሉ ወንጀሎች ላይ፣ እንዲሁም በሕግ ወይም በሙያ ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ነው። ቀላል የአካል ጉዳት ደግሞ በመሠረቱ በተበዳይ አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ከስድስት ወር በኋላ ደፍራ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ምን ይዛ ትሄዳለች? «ከደረጃ መውደቅ» የሚል ካርድ! የገዛ ሕክምና ማስረጃዋ ይመሰክርባታል።

«የሐበሻ ነርስ ፈሪ ናት» የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። እዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ይሠራሉ። ነርስ ሕፃን መጎዳቱን ከጠረጠረች የማሳወቅ ግዴታ በሁሉም ግዛቶች አለባት። ማረጋገጥ አይጠበቅባትም፣ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። በቅን ልቦና ያሳወቀ ሰው ደግሞ በሕግ ይጠበቃል። እዚህ ተምራ እዚህ ዝም ያለችው ሲስተር እዚያ ስትሄድ ታሳውቃለች። ኅሊናዋ አልተቀየረም። የተቀየረው ከኋላዋ የቆመው ሕግ ነው።

አንድ የማከብረው ተቃውሞ አለ። «ሆስፒታል ለፖሊስ ይናገራል ከተባለ ሴቶች ጭራሽ መታከም ይተዋሉ» የሚል። ለዚህ ነው በሕፃንና በአዋቂ መካከል ልዩነት መኖር ያለበት። ለሕፃን፣ ማሳወቅ ግዴታ ይሁን፤ ሕፃን ራሱ ሊከስ አይችልምና። ለአዋቂ ሴት ግን ምርጫው የራሷ ይሁን፤ ፈቃዷን ረግጦ ማዳን ሌላ ጉልበተኝነት ነው። ነገር ግን የምትመርጠው ብቻዋን ተጠይቃ፣ አማራጩ ተነግሯት፣ ጉዳቷ በትክክል ተጽፎ መሆን አለበት። ባሏ አጠገቧ ቆሞ የሰጠችው መልስ ምርጫ አይባልም።

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ አስታማሚ የማይገባበት የመጠየቂያ ቦታ ይኑረው፤ መጋረጃም ቢሆን። ካርዱ ላይ «እንደ አስታማሚው አባባል» ተብሎ የተባለው ይጻፍ፤ ከሥሩ ደግሞ የታየው ጉዳት በቦታው፣ በመጠኑና በቀለሙ ይጻፍ። በየፈረቃው ሪፖርት የሚቀበል አንድ ኃላፊ በስም ይታወቅ፤ ወደ ፖሊስ የሚሄደው ወረቀት በነርሷ ስም ሳይሆን በተቋሙ ማኅተም ይሂድ። ጤና ሚኒስቴርና ፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ ቁጭ ብለው የማሳወቅ ግዴታውንና የአሳዋቂውን ጥበቃ በግልጽ ይደንግጉ። ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማዕከል በዚህችው አገር መቻሉን አሳይቷል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ዝም ያለው አይነቅዝም። የሚነቅዘው ዝም የተባለባት ናት።

ያቺ ሴት ጠዋት ላይ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ካርዷን ባሏ ይዞላት ወጣች። ካርዱ አሁንም መዝገብ ክፍል ውስጥ አለ። ተመልሳ ስትመጣ ምን ተብሎ ይጻፍባት? ይህን እናንተም መልሱልኝ፤ በተለይ በሙያው ያላችሁ።