ባሕሩን በፎቶ ብቻ አትዩት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

ጅግጅጋ የምትባል መርከብ እንዳለች ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቀልድ አይደለም። አገራችን ከቻይና ከገዛቻቸው ዘጠኝ መርከቦች አንዷ የከተማችንን ስም ይዛለች። እኛ ግን ስለ ባሕር የምናወራው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ወይ ታህሪብ፣ ወይ ፌስቡክ ላይ ያየነው ፎቶ።

ስለ ታህሪብ ለናንተ ማብራራት አይጠበቅብኝም። በቦሳሶ አድርጎ ወደ የመን፣ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ የሄደና ድምፁ የጠፋ ልጅ በየሰፈራችን አለ። ፎቶው ደግሞ ሌላ ነው። ፓስፊክን የሚያቋርጥ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ አስተናጋጅ። ከሥሩ "ቲቸር፣ እዚህ ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው?" የሚል መልእክት። ይሄ ጥያቄ በኢንቦክስ እየበዛብኝ ስለሆነ መልሴን እዚሁ በአደባባይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጂኦግራፊ፣ ሥራዬ ነውና። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ አፍሪካን መሐል ስለሚያደርግ ፓስፊክን ለሁለት ቆርጦ ግራና ቀኝ ይጥለዋል። ብዙ ተማሪ ሁለት ባሕር ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንድ ውኃ ነው፤ 165 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኢትዮጵያን 150 ጊዜ ማለት ነው። የጭነት መርከብ ከቻይና ተነሥቶ አሜሪካ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ ውስጥ ብዙውን ቀን ዙሪያውን ቢያዩ መሬት የሚባል ነገር የለም።

አሁን ውሎው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ አንዳንዴ ይጽፍልኛል። በብዙ መርከቦች ሥራው በሺፍት ነው፤ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ከሠራህ፣ ማታም ከ2 እስከ 6 ተመልሰህ ትገባለህ። እሑድ የለም፣ ጁምዓ የለም፣ ዒድና ፋሲካም በሺፍት ናቸው። ሞተር ክፍሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ከጩኸቱ የተነሣ ጆሮ ሳይሸፍኑ አይገባም። ዘይት መለካት፣ ፓምፕ መፈተሽ፣ ነዳጅ ማጣራት፣ የሠሩትን መመዝገብ። ነገም ያው ነው።

የመዝናኛ መርከቡ ላይስ? ፎቶው ላይ የምታዩት ፎቅ የተሳፋሪው ነው። አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሳህን የሚያጥበው ሠራተኛ በአብዛኛው ታች፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ካቢን፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ነው የሚያድረው።

ሰዓቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ወደ አሜሪካ ስትሄድ በየጥቂት ሌሊቱ ሰዓቱ አንድ ወደፊት ስለሚገፋ እንቅልፍህ ያጥራል። ከዚያ የቀን መለያ መስመሩን ስታልፍ ያው ቀን ይደገማል፤ ረቡዕ ከሆነ ጿሚ ሁለት ጊዜ ይጾማል። ስትመለስ ደግሞ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ሐሙስ ተኝተህ ቅዳሜ ልትነቃ ትችላለህ፣ ጁምዓ የት ገባ? ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁሉም ይስቃል። እዚያ ለሚኖረው ልጅ ግን ቀኑ ከእናቱ ቀን ጋር አለመገጣጠሙ ብዙም አያስቅም።

ታዲያ አትሂዱ እያልኩ ነው? አይደለም። እንደውም ተቃራኒውን ነው የምለው። ይሄ ሥራ ሕግ ያለው ሙያ ነውና እንደ ሙያ እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ዓለም አቀፍ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ባሕረኛው ሳይመለስ መርከብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ12 ወር ያነሰ መሆን አለበት፤ ሲጨርስም የመመለሻው ወጪ የአሠሪው ነው ይላል። ከሁሉ በላይ ይቺን ያዙልኝ፦ ሥራ ለማግኘት ባሕረኛው የቅጥር ክፍያ መጠየቅ የለበትም። "መርከብ ላይ አስገባሃለሁ፣ መጀመሪያ ይሄን ያህል ብር አምጣ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የአባታችሁን ግመል አትሽጡለት።

ሕግ አለ ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ወደቦች ሲዘጉ 400,000 ገደማ ባሕረኞች ኮንትራታቸው አልቆ መውረድ አቅቷቸው ባሕር ላይ ቀርተዋል። ይሄንንም አውቆ መግባት ነው።

መንገዱስ? ደላላ ጋ ሳይሆን ደብተር ጋ ነው የሚጀምረው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በተለይ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን አሠልጥኖ መርከብ ላይ እንዲሠሩ ያበቃል። ወደዚያ ለመድረስ 9ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ መያዝ ያስፈልጋል። ሴት ተማሪዎቼ፣ ይሄ ለእናንተም ነው።

አንዳንድ ወላጅ "ልጆቻችንን ለምን ወደ ባሕር ትገፋብናለህ?" ይለኛል። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ባሕሩ እኮ ቤታችን ገብቷል። የምንበላው ሩዝና ፓስታ፣ የያዝነው ስልክ፣ ብዙው በመርከብ በርበራ ደርሶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል የመጣ ነው። ልጆቹም ብንነግራቸውም ባንነግራቸውም ባሕሩን እያሰቡት ነው። እኛ ዝም ካልን የሚነግራቸው ደላላው ነው፤ ደላላ ደግሞ ስለ ሞተር ክፍሉ ሙቀት አያወራም።

ስለዚህ መምህራን ጓደኞቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በየትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለዚህ ሙያ እናውራ፤ ደሞዙን ብቻ ሳይሆን የቀን ውሎውንም። ውሎውን ሰምቶ "ይሄ ለእኔ አይሆንም" ያለ ልጅ ምንም አልከሰረም። "እችለዋለሁ" ያለ ደግሞ የሚገባበትን አውቆ ይገባል።

መርከብ ላይ የምትሠሩ ልጆቼ ይሄን ካነበባችሁ፣ የጎደለውን ኮመንት ላይ ሙሉልኝ። ታናናሾቻችሁ እያነበቡ ነው።