ቃሉን የሚቀድመው ድምፅ

በዚህ ሳምንት በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመምህራን የሚያስረዳ ተማሪ ስሰማ፣ ከፈታኞቹ አንደኛው ያቀረበው ጥያቄ በራሱ የተገባና የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ የጠየቀበት ድምፅ ንቀት የተመላበት ስለ ነበረ፣ ወጣቱ የማያውቀውን ብቻ ሳይሆን ደኅና አድርጎ የሚያውቀውንም አጥቶ ቆመ። «ጥናት የምትለው ይህንን ነው?» የሚለው ቃል በርኅራኄ ቢነገር ለእርማት በጋበዘ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ሲነገር ግን ፍርድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአዳራሹ እጁን ያነሣ ተማሪ አላየሁም፤ እጅግም አዘንሁ።

«ዋናው ፍሬ ነገሩ ነው፤ አነጋገሩ ገለባ ነው» ከሚሉት ወገኖች ጋር ያለኝን የቆየ ሙግት አንባቢዎቼ ያውቁታል። ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ባወረሰን አገር፣ መሪጌታው ዜማውን በለወጠ ቁጥር የምእመናኑ ልብ አብሮ ሲለወጥ እያየን ባደግንበት አገር፣ እንዲህ ያለ ክርክር መነሣቱ ራሱ ይገርመኛል።

ለምሳሌ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢጣልያን ወረራ ሊከሱ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ከሚናገሩት አንዲቱን እንኳ በማስረጃ ሳያፈርሱ በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ተነሡ። የሮማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ ተቆጥተው ጋዜጠኞቹ እንዲወጡ ጮኹ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሁከቱ እስኪበርድ ድረስ በዝምታ ከቆዩ በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ በገዛ ቋንቋቸው በአማርኛ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ተቃዋሚዎቼ «ምን አተረፉበት? በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ አይደለምን?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ተነሣ። ነገር ግን ዓለም ከዚያ ጉባኤ ያስታወሰው ውሳኔውን ሳይሆን ያንን ርጋታ ነው፤ ፉጨቱም ላሰሙት ሰዎች መንግሥት ነውር ሆኖ ቀረ።

የአገር ውስጥ ታሪካችን ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የተሰለፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድምፅ የብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ ብሶት የተሸከመ ነበርና አገር ሰማው። ያው ትውልድ በ1968 ዓ.ም. በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ገጾች በንድፈ ሐሳብ ሲከራከር፣ ቃናው እየከረረ፣ ወንድም ወንድሙን «ባንዳ»፣ «አናርኪስት» እያለ መጥራት ለመደ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ሽብርን ሊያውጁ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲሰባብሩ፣ ጆሮ አስቀድሞ ለጭካኔ ተዘጋጅቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥልጣንና ጠመንጃ የሌለበት ስድብ ብቻውን ያን ያህል ደም አያፈስም ለሚለኝ እሺ እለዋለሁ፤ ነገር ግን ወንድሙን ሰው ብሎ መጥራት ያልተወ ትውልድ ሞቱን እንደዚያ በቀላሉ ይቀበል ነበርን?

ድምፅ ከነገሩ ጋር ሲስማማ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ስለ ስፖርትም ልናገር፤ በዚህ ልቤ ደስ ይለዋልና። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስትረታ፣ በየቤቱ ራዲዮ ከብቦ ለተቀመጠው ሕዝብ ጨዋታው ማለት የጨዋታ አስተላላፊው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነበር። ኳስ መሐል ሜዳ ላይ ስትንከባለል ድምፁ ይረጋል፤ ወደ ግብ ስትቀርብ ይፈጥናል፤ መቺው ከኳሷ ፊት ሲቆም ደግሞ ዝግ ይልና አድማጩ ትንፋሹን ይይዛል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ወጣት አስተላላፊዎች ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው በጩኸት ጣራ ላይ ስለሚወጡ፣ ግብ በተቆጠረ ጊዜ የሚወጡበት ሌላ ከፍታ ያጣሉ፤ የእጅ ውርወራውና የማሸነፊያው ግብ በአንድ ድምፅ ይነገራሉ። ስለ ፈታኙ መምህር ልጽፍ ተነሥቼ ወደ ኳስ ሜዳ መግባቴን አላጣሁትም፤ ነገር ግን የራዲዮ ጣቢያዎቻችን ጀማሪዎቹን ከማይክሮፎን ፊት ከማስቀመጣቸው በፊት፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚያስተምር አንድ አንጋፋ ሰው ቢመድቡላቸው ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ይህንንም ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች በአክብሮት አሳስባለሁ።