ስልኩን ከመርገማችሁ በፊት

ለሁርሶ፣ ለመልካ ጀብዱና ለድሬዳዋ ሰዎች በሙሉ፤

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ሁርሶ ተወልዶ፣ ድሬ ተምሮ፣ ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ነው። ገና ይህችን መስመር ስታነቡ «ይኸው ደግሞ አንድ ዲያስፖራ ሊመክረን መጣ» የሚል እንደማይጠፋ ያውቃል። ይባል። የኑሮ ውድነትን በስልክ የሚሰማ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ የማይሮጥ ሰው ድምፁን ከፍ ቢያደርግ እንደማያምርበት አልጠፋውም። ብዕር ያስነሳው አንድ ዜና ነው፤ ዜናው ከሆዱ አልወጣ አለ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ከ845,188 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ 5.4፣ ቀጥሎም ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ እሰየው። ጸሐፊውን ያንገበገበው ግን ከውጤቱ በኋላ የተከተለው ወሬ ነው። «ልጆቹን የበላቸው ስልክ ነው» ተባለ። አባት ስልክን ረገመ፣ መምህር ስልክን ረገመ፣ የሰፈር ሽማግሌ ስልክን ረገመ፤ እርግማኑ ሁሉ በስልክ ተቀርጾ በስልክ ዋሽንግተን ደረሰ።

ለመሆኑ ለልጃችሁ ስልኩን ስትገዙለት ምን ከፍቶ እንዲያነብ ነገራችሁት?

አትቆጡ። ጥያቄው ስድብ የለበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ስላልደረሰ ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን በፒዲኤፍ በስልክ እንደተከታተለ እናንተው ታውቃላችሁ። ያው የተረገመው ስልክ ለዚያ ልጅ መጽሐፉ ነበር። መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ማለትም ወንበርና መደርደሪያ ብቻ አይደለም።

ጸሐፊው በሚኖርበት ከተማ በእ.ኤ.አ. 2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ነው። (ይህን ሲጽፍ ጉራ እንዳይመስልበት እየፈራ ነው፤ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም።) እዚያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የመረጃ ምንጮችን እየመረጠ በዝርዝር ያቀርባል። የመረጃው ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ በአንድ መስመር ምን እንደያዘና ማን እንደሚያዘጋጀው ይነገራል፣ በመጨረሻም ካርድ ይጠይቅ እንደሆነ ይገለጻል። በቃ ይኸው ነው። ባለ ካርዱ ሰው ዋሽንግተን ፖስትን ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጽ በገጽ ማየት ይችላል። ጣልያን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋን ሲይዝ ጋዜጣው ምን እንደጻፈ ለማወቅ ቀኑን መምታት ይበቃል።

«እኛ ያ ካርድ የት አለን?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የላችሁም። ነገሩ የሚያበሳጨውም እዚህ ላይ ነው፤ ከዝርዝሩ ካርድ የማይጠይቅም አለ። ሁርሶ ላለ ሰውም ለዋሽንግተኑም እኩል ክፍት ነው፤ ልዩነቱ ለዋሽንግተኑ የነገረው ሰው መኖሩ ነው።

ምሳሌ ይሁን። ስዊድን፣ ኡፕሳላ ያለው የኖርዲክ አፍሪካ ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት በርንሃርድ ሊንዳል የተባለ ስዊድናዊ ያሰባሰበውን የኢትዮጵያ አካባቢዎች ታሪክ በነጻ አስቀምጧል። የቦታ ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ፣ ከሥሩ የትኛው መንገደኛ መቼ እንዳለፈበትና ምን እንደጻፈ ይነበባል። የባቡር ጣቢያዎቻችንን በዚያ መፈለግ እንዴት ደስ ይላል አቦ! ሁርሶን ስትፈልጉ በላቲን ፊደል ከ«ኤች» ጋርም ያለ «ኤች»ም ሞክሩ፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ሁሉም እንደየአፋቸው ነው የጻፉት። ሁርሶ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የወታደር ማሠልጠኛውን ብቻ ነው፤ የሁርሶ ልጅ እንኳ ስለ ሁርሶ ሌላ ነገር ማወቅ አይገባውም?

ሌላው ደግሞ ሕጉ። ከሰዓት በርጫ ላይ «ድሬ የማን ናት» የሚለው ክርክር ስንት ምርቃና እንደጨረሰ እግዜር ይቁጠረው። የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ይባላል፤ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት መሆኑን የሚደነግገው እሱ ነው። አቢሲኒያ ሎው የተባለው ገጽ አዋጆችንና የሰበር ውሳኔዎችን ሰብስቦ ማንም እንዲያወርዳቸው አድርጓል። በመሬት ወይም በውርስ ጉዳይ ጠበቃ ፊት ከመቀመጡ በፊት ሕጉን አንብቦ የሚሄድ ሰው ያን ያህል በቀላሉ አይታለልም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ አለ፤ በድሬዳዋ ታሪክና ኑሮ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እዚያ ይገኛሉ። ጥናቱ ስለ እናንተ ሆኖ ሳለ እናንተ አላያችሁትም። ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ የጻፈው መጽሐፍ በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ ይነበባል፤ ሰውዬው ትዕቢተኛ ነው፣ ግን ይነበብ፣ ይተችም። ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹን ለተመዘገበ ሁሉ በነጻ ያሳያል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ብራናዎች ካታሎግ ነው። ለታመመ ሰው ሜድላይንፕላስ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ሲሆን በአማርኛም ክትባትን የመሳሰሉ መረጃዎች አሉት። ለትናንሽ ልጆች አፍሪካን ስቶሪቡክ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ተረት ይሰጣል። ሦስቱም ቋንቋ በአንድ ጎዳና ለሚነገርበት አገር ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ሁሉም ነገር ነጻ ነው እየተባለ እንዳይመስላችሁ። ስለ እኛ ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ፣ ሃምቡርግ ላይ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ፣ ውድ ነው፤ እንግሊዝኛም ነው። አማርኛው ዊኪፒዲያ ደግሞ 15,000 ገደማ ጽሑፍ ይዞ ሲንገታገት፣ የስዋሂሊው ከ80,000 አልፏል። ለዚህኛው ተወቃሹ ፈጣን መስመር እያለው በፖለቲካ ሲነታረክ የሚያመሸው የውጭው ወገን ነው፤ እናንተን አይመለከትም።

ጸሐፊው አንድ ጊዜ ለአንድ የአገር ቤት ቤተ መጻሕፍት ደወለ፤ ስሙ ይቅር። «ለተማሪው የምትጠቁሙት የመረጃ ዝርዝር አላችሁ?» አለ። ያነሣው ሰው ትሑት ነበር። «የኢንተርኔት ክፍል አለን፤ ጎግል አለላቸው» ሲል መለሰ። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ እንግዳን ቀፊራ ገበያ መሃል አውርዶ «ሁሉ አለልህ» ብሎ እንደ መሄድ ነው። ኮንትሮባንዱም፣ የተበላሸውም፣ ጥሩውም እዚያው ተደርድሯል፤ የትኛው ሱቅ ይታመናል የሚለውን ማን ይንገረው?

አገር ቤት ለቤተ መጻሕፍት ገንዘብ አይወጣም ማለት አይቻልም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በምስል ያየ ሁሉ ኮርቷል፤ ጸሐፊውም ኮርቶ ለፈረንጅ ጎረቤቱ ሳይቀር አሳይቷል። መጽሐፍ ለግሱ ሲባልም ሕዝቡ ለገሰ። ግን አራት ኪሎ ያለ ሕንፃ ለሁርሶ ልጅ ምን ያደርግለታል? በአንድ ወረቀት የሚያልቅ ዝርዝር ግን ሁርሶ ይደርሳል፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

«መስመሩስ ሲቋረጥ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከድምፃዊው ሃጫሉ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ መዘጋቱን ማን ይረሳል? ለዚህ ነው ኪዊክስ የተባለው ነጻ መተግበሪያ የዝርዝሩ አናት ላይ መቀመጥ ያለበት። ዊኪፒዲያን እንዳለ አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አማርኛው በትንሽነቱ እንኳ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ በማንም ስልክ ይገባል። አንድ መምህር ድሬ ወርዶ ቢያወርደው በሜሞሪ ካርድ ለክፍሉ ሁሉ ያድላል።

ደግሞም ድሬ ሰበብ አያምርባትም። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. የገባባት ከተማ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው አዲስ አበባ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ቅዳሜ ተቀምጠው ለተማሪ፣ ለነጋዴ፣ ለእናት የሚሆን ዝርዝር ቢያወጡ፣ የሞተውን ገጽ በየዓመቱ ቢሰርዙ፣ በሦስቱም ቋንቋ ቢያትሙት ማን ይከለክላቸዋል?

የማተሚያው ወጪ በጸሐፊው ላይ ይሁን፤ ወረቀትና ቀለም ውድ መሆኑን ሰምቷል። «ዲያስፖራው አበዛው» የሚል ካለ ይጻፍለት፣ መልስ ይሰጣል። «ይህኛው ምንጭ ረብ የለውም፣ ያኛው ይሻላል» የሚል ካለ ደግሞ ቀድሞ ይጻፍ፤ የሚጠበቀው የእሱ ደብዳቤ ነው። ሁለታችሁም ግን ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ከላይ ከተጠቀሱት አንዱን በዚያው በተረገመው ስልክ ክፈቱና ለአንድ ልጅ አሳዩ።