ከጨረሩ በፊት ማይክሮስኮፑ

የጨረር ማሽን ስለተተከለ የካንሰር ሕክምና ለሕዝቡ ቀርቧል የሚለው አነጋገር በየመድረኩ ይደጋገማል። ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ የኖረው የጨረር ሕክምና ወደ ጅማና ሐረር መዝለቁ በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነው። «ቀርቧል» የሚለው ቃል ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ሲመዘን ይቀላል።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ አንድ የጎዛምን ገበሬ ጭኑ ላይ እብጠት ወጣበት እንበል። ስለማያመው ጤፉ ታጭዶ እስኪወቃ ይታገሣል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ እብጠቱ ተራ የስብ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ሳርኮማ የተባለው ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በመዳሰስ ብቻ ቁርጡ አይታወቅም።

ቁርጡን የሚናገረው ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ነው።

ማሽኑ ጨረሩን ይለቃል እንጂ የሚመታውን በሽታ አይለይም። የሳርኮማ ዓይነቶች ከ50 በላይ ናቸው፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። በኤችአይቪ ታማሚ ላይ የሚወጣው ካፖሲ ሳርኮማ በቅድሚያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይሻል። ሕፃናትን የሚይዘው ራብዶማዮሳርኮማ ያለ ኬሞቴራፒ አይታከምም። ፓቶሎጂስቱ ስሙን ከለየ በኋላ ደግሞ ክፋቱን ይመዝናል፦ ሕዋሳቱ ከጤነኛው ምን ያህል ርቀዋል? በምን ፍጥነት ይከፋፈላሉ? ከዕጢው የሞተው ክፍል ምን ያህል ነው? ከ1 እስከ 3 ያለው ደረጃ የሚወጣው ከዚህ ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ዳርቻውን ቀለም ቀብቶ ይመረምራል። የካንሰር ሕዋስ ቀለሙን ነክቶ ከተገኘ፣ ታማሚው ሰውነት ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል። ዳግም ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ወይስ ጨረር ይጨመርለት የሚለው ውሳኔ በዚህች የቀለም መስመር ላይ ይንጠለጠላል።

ይህን ሁሉ አንድ ጠርሙስ ሊያበላሸው ይችላል። ናሙናው የመጠኑን 10 እጥፍ ያህል ፎርማሊን የተባለ ማቆያ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ፈሳሹ ካነሰ መሐሉ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰውን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አያነበውም። ለተጨማሪ ምርመራ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ናሙና በደጀን ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የውጤቱ ወረቀትም ያንኑ መንገድ ይመለሳል።

ስለዚህ ለሕዝብ የሚቀርበው ሪፖርት ከማሽኑ ጎን ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይገባዋል፦ ናሙና ከተወሰደበት ቀን ውጤቱ ታማሚው እጅ እስከሚገባበት ቀን ስንት ቀን ይፈጃል? ወረቀቱ ሲደርስ ገበሬው ዳግም እርሻው ላይ ነው። ማን ይጠራዋል? ሲጠሩትስ፣ ለማያመው እብጠት በሬውን ፈትቶ ይመጣ ይሆን?