«ግራፊክስ ካርድ የለውም» የሚለው ፍርድ

በላፕቶፕ ሻጮችም ሆነ በገዢዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ርካሽ ኮምፒውተር ለጌም አይሆንም የሚል ነው። ፍርዱ ለአዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች በአብዛኛው ልክ ነው፤ ለቆዩት ሲነገር ግን ስሕተት ከመሆኑም በላይ ገዢውን ለማያስፈልገው ወጪ ይዳርገዋል።

ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ከካርድ የሚለየው በዋናነት የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው ነው፤ ምስል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ቦታ ከኮምፒውተሩ ራም ስለሚበደር፣ አቅሙን በእጅጉ የሚወስነው ራሙ በሴኮንድ የሚያቀብለው የመረጃ መጠን ነው። በ2004 ከካርዶች ቁንጮ የነበረው ጂፎርስ 6800 አልትራ በሴኮንድ 35.2 ጊጋባይት ያስተላልፍ ነበር፤ ተራ የሚባል ላፕቶፕ ላይ የሚገኝ ዲዲአር4-2400 ራም ደግሞ በሁለት መስመር ሲሠራ 38.4 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን መጠን ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚጋራው ቢሆንም፣ በ2005 ለኮምፒውተር የወጣውና 64 ሜጋባይት የግራፊክስ ማኅደረ ትውስታ ብቻ የጠየቀው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ሻጭ አይገኝም።

ሁለት መስመር የሚባለው አሠራር የሚገኘው ሁለት ተመጣጣኝ ራሞች በሁለት ማስገቢያ ሲሰኩ ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካበት ላፕቶፕና ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት የተሰካበት ላፕቶፕ በወረቀት ላይ እኩል «8 ጊጋ» ተብለው ይሸጣሉ፤ የመጀመሪያው የሚያቀብለው ግን 19.2 ጊጋባይት፣ ማለትም የሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሁለተኛ ራም በመጨመር ሊቃለል የሚችለው ችግር በካርድ እጦት ሲሳበብ ገዢው ሌላ ላፕቶፕ ይገዛል፤ ሻጩን ይህ መቼም አይከፋውም።

በአንጻሩ «የቆየ ጌም በማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራል» የሚሉትም ከስሕተት አላመለጡም። ለእነርሱ አዲስ ማለት ፈጣን ማለት ነው፤ ሆኖም በ2012 የወጣው ኮር አይ5-3320ኤም የያዘው ኤችዲ 4000 ግራፊክስ 16 የማስሊያ ክፍሎች ኖረውት እስከ 1.2 ጊጋኸርትዝ ሲሮጥ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው የሴለሮን ኤን4020 ግራፊክስ 12 ክፍሎች ብቻ አሉት፤ ፍጥነቱም ከ650 ሜጋኸርትዝ አያልፍም። ያገለገለው ከታሸገው የሚበልጥበት ጊዜ አለ ማለት ነው። የጌሙ ዕድሜም ቢሆን የክብደቱ መለኪያ አይደለም፤ በ2008 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 4 በፕሮሰሰር ላይ በሚያሳድረው ጫና ከእርሱ በኋላ ከመጡ ብዙ ጌሞች ይልቅ ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ የተለየና ከግራፊክስ ጋር ከቶ የማይገናኝ እንቅፋትም አለ። ሴፍዲስክ የተባለው፣ ሲዲ እንዳይባዛ ይከላከል የነበረ መቆለፊያ በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ላይ አይሠራም፤ በዚህ ምክንያት በእርሱ የተቆለፉ ጌሞች ከዋናው ሲዲ እንኳ አልከፈት ሲሉ ጥፋቱ እንደ ልማድ በግራፊክሱ ላይ ይላከካል። በዋጋ ከላፕቶፑ የሚበልጥ ካርድ በተገጠመለት ኮምፒውተር ላይም ያው ሲዲ አይከፈትም።