ማኅተም ገዝተን ቤት እንሠራለን?

ቴሌግራም ላይ «የቤት ፕላን» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ብዛት ራስ ያዞራል። ቪላ፣ ጂ ፕላስ ዋን፣ ሦስት መኝታ፣ አራት መኝታ፤ ሁሉም ከሚያምር ምስል ጋር። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቶ የሕልማችሁን ቤት በደቂቃ ይስልላችኋል። ታዲያ ለአርክቴክት ብር መክፈል ለምን አስፈለገ? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን ከባለሙያ የምንገዛው ማኅተም ነው። ፕላኑ ከሆነ ቦታ ይገኛል፣ ፈቃድ ያለው ሰው ተፈልጎ ያትምበታል፣ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል፣ አለቀ። ያተመው ሰው ቦታውን በዓይኑ አላየውም።

ጣጣው የሚመጣው ቁፋሮ ሲጀመር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ ወደ ቦሌ አካባቢ፣ ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የወረደው ፕላን ይህን ከየት ያውቃል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ያው ባለ ትልልቅ መስታወት ቤት ሁለቱም ጋ ቢሠራ አንዱ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ሌላው ቀን እንደ ምጣድ ይግላል።

ስህተት ደግሞ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ወረቀት ላይ ግድግዳ ማንቀሳቀስ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ማፍረስም መልሶ መሥራትም ከኪሳችሁ ነው።

ሕጉም ማኅተምን እንደ ሸቀጥ አያየውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በመጨረሻው ምድብ ያስቀመጠው አደጋቸው ከፍ ስለሚል ነው። ማኅተሙ «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም የአርክቴክቸር ሥራን ይጠብቃል፤ «ለራሴ መኖሪያ ነው» ብሎ የሰው ዲዛይን ገልብጦ መገንባት አይፈቀድም።

ይህ ነገር በጣም የሚጎዳው ከሪያድ ወይም ከዱባይ ሆና ለእናቷ ቤት የምታሠራ እህታችንን ነው። የዓመታት ላቧ የሚገባው በሚላክላት ፎቶ ብቻ ወደምታየው ግንባታ ነው። በውሉ መሠረት እየሄደ የሚያይላት ባለሙያ ለእሷ ቅንጦት አይደለም፣ ዓይኗ ነው።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የሙያ ፈቃዱን እዩ፤ ከዚያ የሠራው ቤት ድረስ ሄዳችሁ የሚኖርበትን ሰው አነጋግሩ። ስትገናኙ የፒንተረስት ፎቶ ከማሳየታችሁ በፊት ኑሯችሁን ንገሩት። ስንት ሰው ይኖርበታል? እማማ ደረጃ መውጣት ይችላሉ? እንጀራ የት ይጋገራል? ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል፣ ሮቶው የት ይቀመጥ? የሚከራይ ክፍል ይኖራል? ያላችሁንም ብር አትደብቁ፤ አቅማችሁን የማያውቅ ሰው አቅማችሁን የሚያልፍ ቤት ይሠራላችኋል።

ከዚያ ውል ተጻጻፉ፦ ስንት አማራጭ እንደሚያቀርብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክል፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ሥዕሎች ዋጋው ውስጥ መግባታቸውን፣ ግንባታው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ። ክፍያውም ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲጠናቀቅ ይሁን።

ባለሙያዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ፋይሉን ልኮ ስልክ የማያነሳ አለ፤ ባላየው ቦታ ላይ እያተመ የሙያውን ዋጋ የሚጥል አለ። ሰዉ «ለማኅተም ብቻ ምን ያህል ልክፈል?» ማለት የለመደው ከእነሱም ጭምር ነው።

አቅም ከሌለስ? ሙሉ ዲዛይን ማሠራት ባትችሉ እንኳ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ ቦታው ድረስ ወስዳችሁ ለምክር ክፈሉ። ቆንጆ ምስል በነፃ ይገኛል። አፈራችሁን፣ ፀሐያችሁንና እናታችሁን አይቶ የሚወስን ሰው ግን ስልካችሁ ውስጥ የለም።